የጥድ አምባ ሐና የማይዘረጋው ጥላ

ይህን ታሪክ አንብቦ «ጊዜዬ ባከነ» የሚል ሰው ቢገኝ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ታሪኩስ ጊዜ የሚገባው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። በየዓመቱ ኅዳር ፲፩ ቀን የጥድ አምባን ቅድስት ሐና ለማንገሥ የወጣ ሰው፣ በወርቅ ዘርፍ ያጌጡ አሥር ያህል ጥላዎች በታቦቷ ዙሪያ ተዘርግተው ሲዞሩ ያያል። ይህ በየደብሩ ያለ ነው። ከሁሉም ፊት ግን፣ ከመዘምራኑም ቀድሞ፣ አንድ ቀይ የከፋይ ጥላ እንደ ታጠፈ በአንድ ሰው ደረት ላይ ታቅፎ ይሄዳል። ፀሐዩ የቱን ያህል ቢከር አይዘረጋም። እንግዳ የሆነ ሰው «ምነው፣ ተሰብሮ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አልተሰበረም፤ ዘንጉም ሽቦውም ደህና ነው። ሽማግሌዎቹን ሲጠይቋቸው መጀመሪያ ወደ መሬት ያያሉ፣ ከዚያ «አፍረን ነው» ይላሉ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ያ ጥላ ሲያልፍ ሴቶቹ እልልታቸውን ያቆማሉ፤ ካለፈ በኋላ ነው የሚቀጥሉት። ጠርዙንም አስተውሎ ላየው፣ ዙሪያውን ዘርፍ ሲኖረው በአንድ በኩል ሦስት ስንዝር ያህል ባዶ ነው። አሁን ያለው ጨርቅ ሦስተኛው ነው ይባላል፤ አሮጌው ባለቀ ቁጥር አዲስ ይሰፋል፤ ሰፊውም ሁልጊዜ ሦስት ስንዝሯን ባዶ እንዲተው ይነገረዋል። አንዱ የከተማ ሰፊ «ሥራዬን ጎዶሎ አልሰጥም» ብሎ ሞልቶ ሰፍቶት፣ ቀሳውስቱ ቁጭ ብለው መልሰው ፈቱት አሉ።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር።

በድሮ ዘመን፣ በየትኛው ንጉሥ እንደሆነ የሚስማማ የለም፣ በጥድ አምባ ውብርስት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ቢተው ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ የሚያድር፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ሰው ነበር። በተጋቡ በሦስት ዓመታቸው ልጅ ስላልወለዱ ውብርስት ለሐና ተሳለች። ሐና ራሷ እመቤታችንን እስክትወልድ ድረስ በመካንነት ስንት ዘመን እንደተነቀፈች ሁሉም ያውቃልና፣ በዚያ አገር ልጅ የዘገየባት ሁሉ ወደ እርሷ ነው የምትሄደው። የስለትን ሥርዓት ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሰው «ይህን ብታደርጊልኝ ይህን አስገባለሁ» ብሎ ይሳላል፣ የለመነው ሲሰምርለት ያን ጊዜ ይዞ ይመጣል። ልመናው ይቀድማል፣ ስጦታው ይከተላል። ከጥንትም እንዲህ ነው።

ውብርስት ግን ገለበጠችው። የሠርግ ካባዋን፣ እናቷ ያለበሰቻትን ቀይ ከፋይ፣ ለሰፊ ሰጥታ ጥላ አሠራችና ገና ምንም ሳይኖር ይዛ መጣች። የዚያን ጊዜው ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁት ካህን፣ አባ ዓይነኩሉ ይባሉ ነበር። ጥላውን አይተው ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ ሰመረልሽ እንዴ?»

«አልሰመረም አባቴ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀድሜ ልስጥ ብዬ ነው።»

አባ ዓይነኩሉ እጅግ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ እምነት በዘመኔ አላየሁም አሉና ጥላውን ከሁሉ አስበልጠው፣ በዓል በመጣ ቁጥር በቀጥታ በታቦቷ ላይ የሚያርፈው እርሱ እንዲሆን አዘዙ። ውብርስት ወደ ቤቷ ስትመለስ ለባሏ የነገረችው ግን ሌላ ነበር ይባላል። ቢተው ቀንበር እየጠረበ «ምን አስቸኮለሽ?» ቢላት፣ «ሰው እንኳ አስቀድሞ ስጦታ ከተቀበለ እምቢ ለማለት ያፍራል፤ እሷማ እንዴት አታፍር» አለችው።

«ሐናን በይሉኝታ ልትይዣት ነው?»

«ምን አለበት?»

ቢተው መጥረቢያውን አስቀምጦ ጥቂት አያትና መልሶ ወደ ሥራው ገባ። ሽማግሌዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ «ያኔ ነበር መናገር የነበረበት» ይላሉ። እኔም አስቤበት እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ ጥፋቱ ከዚህ የጀመረ ነውና።

አንድ ዓመት አለፈ፣ ምንም የለም። በዓሉ መጣ፣ ቀዩ ጥላ ተዘረጋ፤ አባ ዓይነኩሉ በቅጽሩ ደረጃ ላይ ቆመው «ሳትቀበል የሰጠችውን ይህችን ሴት ተመልከቱ፤ ሐናም ታያታለች፣ እኛም ከእርሷ ጋር እንጠብቃለን» ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡ እልል አለ። በሁለተኛው ዓመትም እንደዚሁ፣ በሦስተኛውም። አባ ዓይነኩሉ ለክፋት አልነበረም፤ ነገር ግን በተናገሩ ቁጥር የሰዉ ዓይን መጀመሪያ ወደ ጥላው ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ውብርስት ወገብ ይወርዳል። በዓመት አንድ ቀን አምስት መቶ ሰው ሆዷን ይመረምረው ጀመር ማለት ነው።

ጎረቤቷ እንጉዳይ የምትባል፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። እንጉዳይ ለሐና የተሳለችው አንድ እስር ጧፍ ብቻ ሲሆን በዓመቱ መንታ ወለደች። አንድ ቀን ከምንጩ ላይ ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ እንዲህ አለቻት፦

«አንቺ ውብርስት፣ ጥላሽስ ያምራል። ከሥሩ የሚቆመው መቼ ይመጣል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ውብርስትም አብራ ሳቀችና እንስራዋን ደፍታ ማለቅለቅ ጀመረች።

«እኔማ ጧፍ ብዬ ሁለት አገኘሁ» ብላ እንጉዳይ ቀጠለች፤ «ከፋይ አትወድ ይሆን እንዴ ሐና?»

«ተይ አንቺ፣ በቅዱስ ስም አትቀልጂ» አለቻት አንዲት አሮጊት፤ እሷም ግን እየሳቀች ነበር።

ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዘጠኝ ነው የሚሉም አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ሰባት ስለሚሉ እኔም በሰባት እሄዳለሁ። በሰባተኛው ዓመት፣ በበዓሉ ቀን፣ ታቦቷ ወጥታ ከትልቁ ጥድ ሥር ስታርፍ፣ ከበሮው እየተመታ፣ አባ ዓይነኩሉም እንደ ልማዳቸው «ይህችን ሴት ተመልከቱ» ብለው ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ውብርስት ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ፊታቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ጥላዬን መልሱልኝ» አለች።

ከበሮው ቆመ። አባ ዓይነኩሉ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ሰባት ዓመት ጥላ ሆንኳት። እኔ ፀሐይ ላይ ነኝ። ካባዬ ነው፣ መልሱልኝ።»

ከሕዝቡ መካከል «ያዟት፣ ታማ ነው» ያለ ሰው ነበር። ቢተው ከወንዶቹ ወገን እንደ ቆመ ቀረ። አባ ዓይነኩሉ ግን ወደ ዲያቆኑ ሄደው ጥላውን ከእጁ ተቀበሉና በሕዝቡ ፊት አጠፉት። ሌላ ጥላ እስኪደርስ፣ አንድ አባታችን ሆይ ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ያህል፣ የኅዳር ፀሐይ በታቦቷ መጎናጸፊያ ላይ አረፈ። በጥድ አምባ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ይባላል።

«እንቺ ልጄ» አሉ፤ «ሐና ጥላ ጎድሏት አታውቅም።»

ተቀብላ ሄደች። ማንም አልተከተላት።

ቤቷ ከደረሰች በኋላ ጥላውን ከጎታው ኋላ ወርውራ ብዙ ቀን ሳታየው ቆየች። የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ግን አንድ ረፋድ አወጣችውና፣ ፈትቼ ካባዬን መልሼ እሰፋለሁ ብላ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ዘርፉን በመርፌ መፍታት ጀመረች። አንድ ስንዝር ፈታች፣ ሁለት ፈታች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ በከፋዩ ውስጥ የሰረገው የሰባት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽታ አፍንጫዋን መታት። ወደ አጥሩ ሮጣ አስመለሳት። ያን ጊዜ ወንፊት ልትዋስ የመጣችው እንጉዳይ በሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

«አሁን ነው። ሽታው ነው።»

«ሽታውን አልጠየቅሁሽም። ልማድሽ ከመቼ ጀምሮ ቀረ?»

ውብርስት በየወሩ እየቆጠረች በየወሩ ያለቀሰች ሴት ናትና፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ መቁጠር ትታ ነበር። እንጉዳይ አጠገቧ ተቀምጣ «መስቀል ጊዜ ነበረሽ?» አለች። አልነበረኝም አለች። «እንቁጣጣሽስ?» ብታስበው ብታስበው ያኔም አልነበረም። እንጉዳይ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ኅዳር ላይ ስትደርስ ጣቷን ሰብስባ እጇን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

«እንግዲያው ያን ቀን…»

«ዝም በይ» አለቻት ውብርስት።

ልብ በሉ፤ በሕዝብ ፊት ቆማ «መልሱልኝ» ስትል ሁለት ሆና ነው የቆመችው። ለሰባት ዓመት የለመነችው ልጅ በሆዷ ነበር። ጥላው ሲታጠፍ ልጅቷ ከሥሩ ቆማ ነበር፤ ያሳጠፈችውም እናቷ ናት። ሌላ ሴት ብትሆን እልል ብላ መንደሩን ትጠራ ነበር፤ ውብርስት ግን ደስታዋ ከእፍረቷ ኋላ ተሰልፎ ብዙ ወር ተራ ጠበቀ። ሆዷን በጋቢ ሸፈነች። የቅዳሴ ደወል ሲሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። የፈታችውንም ዘርፍ ልትሰፋ ክርና መርፌ ይዛ ተቀመጠችና ተወችው፤ ብትሰፋው እንዳልተነካ ሊመስል ነው። እንጉዳይም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጭ ወርዳ የውብርስትን እንስራ ሞልታ ደጃፏ ላይ ታስቀምጥና ሳትጠራት ትመለሳለች። ያቺ ወሬኛ ለማንም ሳትናገር የመውለጃዋ ቀን ደረሰ ይባላል፤ ይህንን የሚያምን ያምናል።

በሰኔ መጀመሪያ ሴት ልጅ ተወለደች። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው ክርስትና የሚነሱት፤ ሰማንያው የሚሞላው በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳያባራ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ውብርስት ለባሏ እንዲህ አለችው፦

«ከወንዙ ማዶ ሚካኤል ወስደን እናስጠምቃት።»

«ወንዙ ሞልቷል።»

«ይጎድላል።»

«ኧረ? አሁን መጠበቅ ጀመርሽ?»

ሳቀችና ወዲያው አለቀሰች። ቢተው ልጅቷን ከጭኗ ላይ አንሥቶ ያዛት። ልጅቷ ከሰሞኑ ብርድ መትቷት በማታም በቀንም ታስል ነበር፤ ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን የሚለው ነገር በሁለቱም ልብ ውስጥ ነበር፣ አንዳቸውም ግን አልተናገሩትም።

«በየት ፊቴ ነው እዚያ በር የምቆመው ቢተው?»

«እኔ እንጃ። ግን ማን ሰጠን ብለን ነው ማዶ የምንሻገረው?» አላትና ጨመረ፤ «ያን ጊዜ ቀንበሩን ትቼ ልናገርሽ ይገባኝ ነበር። ደስ እንዲልሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

በሰማንያኛው ቀን ጠዋት ወጡ። ቢተው ልጅቷን በጋቢ ሁለት ዕጥፍ አድርጎ ደረቱ ላይ ያዘ፣ ውብርስት ጥላውን እንደ ታጠፈ በብብቷ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ክርስትና እናት እንድትሆን የተጠራችው እንጉዳይ ነበረች፤ ከመንገድ ጠበቀቻቸው። ዝናቡ ከጋራው ወርዶ ከላይ እስከ ታች አራሳቸው። እንጉዳይ አላስቻላትም።

«አንቺ ሴት፣ ጥላ ይዘሽ ትበሰብሻለሽ? ዘርጊው እንጂ፣ ልጅቷ እኮ ታማለች።»

«የእኔ አይደለም» አለች ውብርስት።

እንጉዳይ የራሷን ነጠላ አውልቃ በልጅቷ ላይ ደረበች።

አባ ዓይነኩሉ በደጀ ሰላሙ ክዳን ሥር ቆመው ነበር። ከኅዳር ወዲህ አርጅተዋል። ውብርስት ቀና ብላ ሳታያቸው ተንበርክካ ጥላውን ከእግራቸው ሥር አኖረችው፤ ውሃው ከከፋዩ እየወረደ በድንጋዩ ላይ ቀይ ሆኖ ፈሰሰ።

«አባቴ፣ ያኔ ሳመጣው በእምነት አልነበረም። ሐናን በይሉኝታ ልይዛት ብዬ ነበር። ልጅቷ መጥታ ሳለ ነው ሐና ዘገየችብኝ ብዬ ያዋረድኳት።»

አባ ዓይነኩሉ ከዚያ በኋላ ያሉትን አገሩ በሙሉ ቃል በቃል ያውቀዋል፦

«ልጄ፣ አንቺ ብታስሪያት ገመዱን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ። በየዓመቱ ደረጃው ላይ ቆሜ አንቺን የማሳየው ለምን ይመስልሻል? በሰዉ ፊት ስምሽ ሲነሣ አምላክ ያፍርና ይቸኩላል ብዬ ነው። እርሱ ጊዜውን ያያል እንጂ እኛን አይቶ አያፍርም። ያፈርነው እኛ ነን።»

ጥላውን አነሡትና ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ዘርጊው፣ ልጅቷን ይዘን እንግባ።»

«አልዘረጋም አባቴ። ያሳጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«እኔም አልዘረጋም። ያጠፍኩት እኔ ነኝ።»

ሁለቱም እምቢ ስላሉ ጥላው እንደ ታጠፈ ከክርስትና ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደገፈ፤ ልጅቷም ወለተ ሐና ተብላ ተጠመቀች። ውሃው ሲነካት ጮኸች ይባላል፤ የሚያስል ልጅ ጩኸት አልነበረም። ውብርስት በር ላይ ሆና የሰማችው ያንን ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ከስንት ወር በኋላ ደስታዋ ተራው የደረሰው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ፲፩ አባ ዓይነኩሉ ደረጃው ላይ አልወጡም። ውብርስት ልጇን አዝላ፣ ጥላውን አጥፋ ታቅፋ ከመዘምራኑ ፊት ሄደች፤ ስታልፍ እልል ሊሉ የጀመሩትን ሴቶች መጀመሪያ ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ ያስቆመቻቸው እንጉዳይ ናት። ሕዝቡም ሰባት ዓመት ሆዷን ሲመረምር የኖረ ሕዝብ ነውና በየተራ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ልጁ ለዘመቻ ሄዶ ወሬው የጠፋበት አንድ ገበሬ ወደ አባ ዓይነኩሉ ቀርቦ «ዘንድሮ እኔ ልያዘው» አላቸው።

«ለምን?»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው።»

«እንዳትሳል ታዲያ» አሉት። «ያዘውና ሂድ። የምትጠብቀውንም ለማንም አትንገር፤ ሰው ይቆጥርብሃል።»

የገበሬው ልጅ ተመለሰ የሚሉ አሉ፣ አልተመለሰም የሚሉም አሉ። ጥላውን የያዘው ሰው የሚጠብቀውን ለማንም ስለማይናገር፣ የሰመረለትና ያልሰመረለት ማን እንደሆነ በጥድ አምባ ማንም አያውቅም፤ መጠየቅም ነውር ነው።

ዛሬም እንደዚያው ነው። ጥላውን ለመያዝ ዝምድናም ማዕረግም አያስፈልግም፤ አንድ ነገር እየጠበቁ መሆን ብቻ ይበቃል። የሚጠብቅ ሰው ብዙ ስለሆነ አንዱ ከጥዱ እስከ ደጀ ሰላሙ፣ ሌላው ከደጀ ሰላሙ እስከ ምሥራቁ በር እየተቀባበሉ ይሸከሙታል። እናንተም ልጅ ይሁን፣ ጤና ይሁን፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሰው ይሁን የምትጠብቁት፣ በዚህ ኅዳር ውጡና ሞክሩት። ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ምንም ቃል እንዳትገቡ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ለቄሰ ገበዙ «ልያዘው» ማለት ብቻ ነው፤ ምን እንደምትጠብቁ አይጠይቋችሁም። እጃችሁን ከዘንጉ በላይ አድርጋችሁ እቀፉት፣ ከባድ ነው። መንገዱ ወደ ምሥራቅ ስለሚዞር ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ዓይናችሁን ጨፍኑና ቀስ እያላችሁ ሂዱ፣ ከኋላ ያሉት ይጠብቋችኋል።